የሁለት ሞራ ሳሙና

ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስገዛ ከምን እንደተሠራ ሳልጠይቅ አልወጣም። ባለሱቆቹ ይስቁብኛል። አንዱማ «እማማ፣ ሊታጠቡበት ነው ወይስ ሊበሉት?» ብሎኛል። አልፈረድኩበትም። እሱ የሚያየው ሥራ ፈትታ ሳሙና የምታገላብጥ አሮጊት ነው። በዚያ ክረምት መካነ ሰላም ላይ በአንድ ቁራጭ ሳሙና የተነሳ ምን ላደርግ እንደነበር አያውቅም። እናንተም አታውቁም፤ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደሴ ተምሬ፣ ጤና ረዳት ሆኜ መካነ ሰላም ከተመደብኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሲስተር አለመሆኔን አርም ነበር፤ በኋላ ስሙ ስለጣፈጠኝ ተውኩት። የደሴ ልጅ በመሆኔ ብቻ ከአገሬው ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱን ከተሞች የሚያራርቃቸው የመንገዱ ጭቃ ብቻ እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ረሃቡ ጋብ ብሏል ይባል ነበር። ከከተማው ዳር ግን አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር፤ እዚያ ውስጥ ከወግዲ በኩልና ከአባይ ቆላ የመጡ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተጠልለዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም እግር ለራስ ተጋጥሞ ይተኛል። እህል እየተሰፈረላቸው ስለነበር የሚያስፈራኝ ረሃቡ አልነበረም፤ ቅማሉ ነበር። በዚያ ሰሞን ቅማል የሚያዛምተው ትኩሳት ገባ። አንዱን ይጥለዋል፣ ለቀቀው ሲሉ መልሶ ይይዘዋል፤ ቀጥሎ አጠገቡ የተኛውን። በአንድ ሳምንት አራት ሰው ቀበርን።

መድኃኒት ትንሽ ነበረኝ። ሳሙና ግን ካለቀ ሰነባብቷል፤ የአካባቢው እንዶድም ተለቅሞ አልቋል። ከደሴ ይመጣል የተባለው መኪና ጭቃ ይዞት ቀርቷል። ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት አመለከትኩ። ጸሐፊው ማመልከቻዬን አገላብጦ ካየ በኋላ «ማን ይፈርምልሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ ወታደሩ ሹማምንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር። የእኛዎቹም ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከበው ስም ይሰማሉ እንጂ ብዕር የሚያነሳ የለም።

ከመጋዘኑ ሰዎች ሁሉ ዓይኔ የሚያርፈው በአንዲት ሴት ላይ ነበር። ከድጃ ትባላለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ሰይድ ባለፈው ዓመት በረሃቡ ሞቷል። የቀሯት አማቷ እመት ፋጡማ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸው አጭር፣ በልጅነታቸው ቁርአን የተማሩ ሴት። ከሰይድ የቀራቸው ከድጃ ሆድ ውስጥ ያለው ብቻ እንደሆነ መጋዘኑ ሁሉ ያውቃል። ትኩሳቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ከያዘ ፅንሱን አይምርም። ሰኞ ዕለት ከከድጃ በስተቀኝ የምትተኛው ሴት በትኩሳት ወደቀች።

የዚያን ቀን ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ደሴ ያስተማረችን አንዲት መምህርት ከሞራና ከአመድ ውሃ ሳሙና እንደሚወጣ አሳይታን ነበር። ፍልሰታ ሊገባ አራት ቀን ስለቀረው ክርስቲያኑ ለቅበላ እያረደ ነው። ክርስቲያኖቹ ከገበያው በላይ፣ እስላሞቹ ከገበያው በታች ያርዳሉ። ከአንጀትና ከኩላሊት ላይ የሚላጠው ሞራ ጭቃና ፈርስ እየነካው ለውሻ ይጣላል። አመዱም ሞልቷል፤ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ አረቄ አውጪ ከጓሯቸው የባሕር ዛፍ አመድ ቆልለዋል። ከተማው የሚጥለውን ሰብስቤ ሰው ላድን ነው። ለራሴ በጣም ደስ አልኩኝ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ቂጡ የተነደለ ጋን አዋሱኝ። ከሥሩ ገለባ ጎዝጉዤ፣ አመዱን ጠቅጥቄ ሞልቼ የዝናብ ውሃ አፈሰስኩበት። ከታች እንደ ጠላ የጠቆረ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጥንካሬው የሚለካው በእንቁላል ነው፤ እንቁላሉ ከሰጠመ ውሃው ደካማ ነው፣ ከተንሳፈፈ ደርሷል። በዚያ ዓመት እንቁላል ማግኘት ቀልድ አልነበረም። ወይዘሮ አልጋነሽ አንዱን ሰጡኝና ውሃው እስኪያነሳው ከአጠገቡ ሳይነሱ ጠበቁ፤ ከዚያ አጥበው ወደ ቤታቸው መልሰው ወሰዱት።

የቸገረው ሞራው ነው። ከረሃብ የተረፈ ከብት ምን ሞራ አለው? ከላይ ሠፈር አንድ ቅል ሙሉ አገኘሁ። ታች ወረድኩና ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው፤ የእስላሙን ሠፈር ከብት የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ይመር ከመሬት የወደቀውን ሳይሆን ከከብቱ ላይ የላጡትን ንጹሁን ሰጡኝ። ሲሰጡኝ እጄን ያዝ አደረጉና፣

«ለእመት ፋጡማና ለነዚያ ምስኪኖች ከሆነ መርሃባ። ግን የኛን ለብቻው ያዢው፤ አደራ» አሉኝ።

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አልኩ። ደሴ ያደግሁ ነኝ፤ ክርስቲያንና እስላም አንዱ የሌላውን ሥጋ እንደማይበላ ሊነግረኝ የሚገባ ሰው የለም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ማክሰኞ ወደ ማታ ግድም ወይዘሮ አልጋነሽ ጓሮ ብቻዬን ነበርኩ። ዝናቡ ማገዶውን አርሶታል፤ የሚነድ እንጨት ያለኝ ለአንድ እሳት ብቻ ነው። የማፈላበት በግማሽ የተቆረጠ በርሜልም አንድ ነው። የላዩ ሞራ ብቻውን ለአመዱ ውሃ አይበቃም፤ የታቹም አይበቃም። ሁለቱን ቅል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ጥቂት ቆምኩ። ከድጃ ትዝ አለችኝ። «ሳሙና ደግሞ አይበላ» አልኩና ሁለቱንም በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኳቸው። ማንም አላየኝም።

ሌሊቱን ሳማስል አድሬ፣ ረቡዕን እስኪረጋ ስጠብቅ ውዬ፣ ሐሙስ ጠዋት ሳሙናው ተገኘ። ዓይን የሚገባ አልነበረም። የጠቆረ፣ ለስለስ ያለ፣ አንድ አሞሌ ጨው ከትቼበት እንደምንም የረጋ ነው። ሽታው እንኳን ይቅር። ግን እጄ ላይ ሳሸው አረፋ አወጣ። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። ከዚያ በሲባጎ ቆራረጥኩትና እንባዬ ሳይደርቅ ሁለት ቦታ ደረደርኩት። ግራው የክርስቲያን፣ ቀኙ የእስላም። ሁለቱም ከአንድ በርሜል የወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሞራውን ስቀላቅል ችኩል ነበርኩ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ሳሙናውን ሁለት ቦታ ስደረድር ግን አልቸኮልኩም። ረጋ ብዬ ነው ያደረግሁት።

ከመጋዘኑ ጀርባ ውሃ አፈላን፤ በጆንያ ከለልነው። መጀመሪያ የሚታጠቡት ሴቶቹ ናቸው። እመት ፋጡማ ከድጃን እየደገፉ መጡና ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። የራስ ጨርቋን ፈቱላት። ጸጉሯ ውስጥ ያለውን አልነግራችሁም። ከዚያ ሁለቱን የሳሙና ረድፍ አዩና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የኛ የትኛው ነው?»

በቀኝ ያለውን በጣቴ አሳየሁ። ድምፅ አላወጣሁም፤ በቃሌ ከምዋሽ በጣቴ ብዋሽ የሚቀልልኝ መስሎኝ ነው። አልተጠራጠሩም። አንዱን ቁራጭ አነሱ፣ በሞቀው ውሃ ነከሩት፣ ወደ ከድጃ ራስ እጃቸውን ዘረጉና፣

«ቢስሚላህ» አሉ።

እስከዛሬ ድረስ ምን እንደነካኝ በደንብ ላስረዳ አልችልም። ሃይማኖተኛ ሴት አልነበርኩም። ያቺን ቃል ደሴ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ። የዚያን ቀን ግን እመት ፋጡማ አምላካቸውን በእኔ ጣት አምነው ሲጠሩ ሰማሁ፤ እጃቸውን ያዝኩት።

«እመት ፋጡማ፣ የእርስዎ የለም» አልኩ። «አንድ ላይ ነው ያፈላሁት። የላዩንም የታቹንም ሞራ።»

ውሃ ስትቀዳ የነበረችው ሴት ጣሳዋን አስቀመጠች። ከክርስቲያኖቹ ወገን አንዷ እጇ ላይ የነበረውን ሳሙና ቀስ ብላ መሬት ላይ ጣለችው። እመት ፋጡማ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ቁራጩን በቦታው መለሱና እጃቸውን በንጹሕ ውሃ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተለቃለቁ። ከዚያ አዩኝ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ሳላውቅ አጥቤያት እነሳ ነበር። አላህ ዘንድ ወንጀሉ ያንቺ ነበር» አሉኝ። «አሁን ለኔ አሸከምሽኝ።»

ከድጃ ጸጉሯ እንደተፈታ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለታችንንም ታያለች። በቀኟ የምትተኛው ሴት ትኩሳት መጋዘኑ ውስጥ ያስቃዣታል፤ ድምፅዋ ይሰማናል። ብታጠብ ሐራም፣ ባትታጠብ ልጇ። እዚያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።

እመት ፋጡማ ምርኩዛቸውን አነሱ። «ሼሁ ዘንድ እንሄዳለን። አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ» አሉ።

ሼሁ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው ያስተምራሉ። ጥቁሩ ጭቃ ጫማዬን ስለበላብኝ ባዶ እግሬን ተከተልኳቸው። እመት ፋጡማ ከፊቴ ይራመዳሉ። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ሰይድን የቀበሩት ክርስቲያኖች ናቸው። ከኛ ወገን መቆፈሪያ የሚያነሳ አቅም ያለው ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ናቸው የቆፈሩለት፤ የሰገደበት የኛው አንድ አዛውንት ነበር፣ አፈሩን የመለሱት እነሱ።» ጥቂት ሄዱና ቀጠሉ። «በእህል አንድ ነን። በሐዘን አንድ ነን። በሥጋ ግን አንገናኝም። ይሄ ጥል አይደለም ልጄ፣ አጥር ነው። አጥር ያለው ጎረቤት ይሰነብታል። አንቺ አጥሩን ያፈረስሽው ሳትጠይቂ ነው።»

ሼሁን ከደረሶቻቸው፣ ከሚያስቀሯቸው ተማሪዎች ጋር አገኘናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጋሽ ይመር አደራ፣ ስለ አንዱ እሳት፣ ስለ ሁለቱ የሳሙና ረድፍ። አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ስለ ሞራው ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ጠየቁኝ።

«ስትቀላቅዪ ያየሽ ሰው ነበር?»

«የለም።»

«ሊያውቅብሽ የሚችልስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አናገረሽ?»

«ቢስሚላህ ሲሉ ሰማኋቸው» አልኩ።

ሼሁ ስለ ትኩሳቱ ጠየቁኝ፤ እውነት ይገድላል ወይ፣ ሌላ ሳሙና በስንት ቀን ይደርሳል፣ በውሃ ብቻ ቢታጠቡስ። የማውቀውን ብቻ መለስኩ። የማላውቀውንም አላውቅም አልኩ፤ ለ«ሲስተር» ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በመጨረሻ ወደ እመት ፋጡማ ዞሩ።

«ትኩሳቱ ነፍስ የሚያጠፋ ከሆነ ለነፍስ ሲባል ይፈቀዳል። ነፍሰ ጡሯ ትታጠብበት፤ ከበሽተኛ ጋር የተኛም ይታጠብበት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሦስቴ ይለቃለቅ። ያልጨነቀው ግን ንጹሑ እስኪሠራ ይጠብቅ» አሉ። «ያን ደግሞ እሷ አትሥራው። እናንተ ሥሩት፤ እሷ ታሳያችሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ምንም ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ከድጃን አጠብናት። ጸጉሯን እኔ ያዝኩ፣ እመት ፋጡማ አሹ። ልብሷን አፈላነው። በዙሪያዋ የሚተኙትንም እንደዚያው። ከክርስቲያኖቹ ወገን አንድ ሽማግሌ የእስላም ሞራ ገላዬን አይነካም ብለው ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የሠፈሩ ቄስ መጡና አዩአቸው። «ነገ ፍልሰታ ነው» አሏቸው። «አትብሉ ተባለ እንጂ አትታጠቡ አልተባለም። ይልቅ ቅማልዎን ይዘው እንዳይጾሙ።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም እያጉረመረሙ ልብሳቸውን አወለቁ።

ክርስቲያኑ በጾም ስለማያርድ የሚቀጥለው ሞራ በሙሉ የጋሽ ይመር ሆነ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ምን እንዳደረግሁ ነገርኳቸው። ሞራውን በእኔ እጅ መላክ ትተው ለእመት ፋጡማ በቀጥታ ሰጡ። ያ ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር፤ የሥራዬ ነውና ዋጥኩት። የመጋዘኑ ሴቶች የራሳቸውን እሳት አነደዱ። አመዱን አምጥቼ ልጠቀጥቅ ስል ግን ልቤ አላስቀምጥ አለኝ።

«እመት ፋጡማ፣ ይሄም ይታወቅ። አመዱ ከአረቄ ምድጃ የወጣ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እንግዲህ አመዱንም ጠይቀን ልንታጠብ ነው?» አሉ። «ተይው ልጄ። ጠቅጥቂ።»

ሳሙናቸው ከእኔው ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ወጣ። ሴቶች ናቸው፤ እሳት ያውቃሉ፣ ማማሰል ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ሞተውብናል፤ ሁሉንም አተረፍን ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። በከድጃ ቀኝ የነበረችው ሴት ግን ተነሳች። ትኩሳቱም ቀስ በቀስ ለቀቀ። ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ የሚለውን ወሬ የሰማነው በርሜል ከበን ስናማስል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ከድጃ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ሰይድ አሉት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት በጤና ሥራ ኖሬያለሁ። አሁን በምኖርበት ከተማ ወጣቶች ከገበያ የሚጣለውን የአትክልት ቅጠልና ልጣጭ ሰብስበው ማዳበሪያ ያደርጉታል፣ ጠፍጥፈውም ከሰል ይሠሩበታል። አንድ ቀን ጠርተው አሳዩኝ፤ ኮራሁባቸው። ምክር ስጪን ሲሉኝ የመካነ ሰላሙን ነገር ነገርኳቸው። ቆሻሻ ባለቤት የለውም አትበሉ አልኳቸው። ሰው የጣለውን ስታነሱ ለማን ልትመልሱት እንደሆነ አስቡ፤ ያ ሰው ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደማይነካ ጠይቁት። ለበጎ ነው ብላችሁ የምታታልሉት ሰው ከሌላው ሁሉ የበለጠ ያመናችሁ ነው። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ለሰው መልካም ልታደርጉ ስትቸኩሉ ያቺን ጣቴን አስታውሱልኝ። እኔ ሰው አዳንኩ ብዬ ልኖር የነበረው በውሸት ላይ ነው፤ ምናልባትም እስከዛሬ እኮራበት ነበር።

አንዱን ነገር ግን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ የመጋዘኑ ሰዎች ወደየአገራቸው መመለስ ጀመሩ። እመት ፋጡማና ከድጃ ሕፃኑን አዝለው ወደ ወግዲ የሚሄዱበት ቀን ማለዳ ልሸኛቸው ወጣሁ። ጾሙ ስለወጣ ያኔ ሁለቱንም ዓይነት ሳሙና፣ የላዩንም የታቹንም፣ ለየብቻው እንሠራ ነበር፤ መልካቸው አይለይም። አንድ ትልቅ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ ለሕፃኑ ብዬ ሰጠኋቸው።

እመት ፋጡማ ተቀበሉኝና እንደዚያን ቀን ዓይኔን አዩኝ።

«የኛው ነው?» አሉ።

«የእናንተው ነው።»

ጨርቁን ገልጠው አላዩትም። ከጋሽ ይመር ወይም ከሴቶቹ አላጣሩም። በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ግንባሬን ሳሙኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።